ባለ አንድ መብራቱ በራሶ

የበራሶን መሞት የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ «ሰይፉ፣ በራሶ ሞተ» አለችኝና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ለሞተ ሰው ይለቀሳል፤ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን መጀመሪያ ልቤ የገባው ሞቱ ሳይሆን ለቅሶዋ ነው። «ለአባቷ እንኳ እንዲህ አልሆነችም» ብዬ አሰብኩ። «በራሶ ሞተ» የሚለው ቃል ራሱ የደረሰኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስቀንቶኛል፤ እንደ በራሶ ግን ማንም አላስቀናኝም። ቅናት ደግሞ ከፍቅር ይልቅ ሰውን ያስጠናል። አረማመዱን፣ ሳሉን፣ በሩን ሲከፍት የሚያሰማውን ድምፅ አውቅ ነበር። ወንድሜን እንኳ እንደሱ አላውቀውም።

ዲላ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትኩት ደርግ በወደቀ ማግስት በነበሩት ዓመታት ነው። አባቴ ከቡታጅራ በኩል መጥቶ እዚሁ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር፤ የሱቁን ግማሽ በግንብ ከፍሎ ሰጠኝ። ሁለት ትልልቅ መብራት አቆምኩ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ። ከጀርባ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ነበረኝ፤ በሌላኛው ገጹ ደግሞ የአውሮፕላን ደረጃ ተስሎበታል፣ የፈለገ ይመርጣል። ለሌለው የማውሰው ኮትና ከረባትም ነበረኝ። ቡና ሲደርስ ከጪጩም ከይርጋጨፌም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሬኮ ድረስ ካለው አገር ሰው ይመጣል። ባል ከፊት፣ ሚስት ከኋላ፣ ልጆች ፊታቸው በቫዝሊን አብረቅርቆ። ሁሉንም በሁለቱ መብራቶች መካከል አስቀምጬ «እንዳትንቀሳቀሱ!» እላለሁ። አይንቀሳቀሱም ነበር። ፎቶውንም ስታየው አለመንቀሳቀሳቸው ያስታውቃል።

በራሶ መጣና ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከበሬ ትይዩ፣ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረባትን ጠባብ ቤት ተከራየ። ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የዱመርሶ ሰው ነው፣ የቡና ገበሬ ልጅ። ሐዋሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ ነው የተመለሰው። ረጅም ነው፤ ቁመቱ ያሳፈረው ይመስል ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ይሄዳል። ቤቱን ሲያደራጅ እኔ በሬ ላይ ቆሜ አንድም ዕቃ አላመለጠኝም። መጋረጃ አልሰቀለም፤ ግድግዳውን ግራጫ ቀባው፣ በቃ። አበባ የለ፣ ፏፏቴ የለ። መብራት ሲያስገባ ብጠብቅ ብጠብቅ አንድ ብቻ አስገባ። ከሱ ቀጥሎ ነጭ አቡጀዲ የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም አስገባና በሩን ዘጋ።

«ይሄ ሰውዬ ዕቃው ሳይሟላ ነው የከፈተው» አልኳት ጽጌን፣ ሚስቴን። «ቡና እስኪደርስም አይቆይ።»

ቆየ። መስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ የሰቀለው ፎቶ ጪጩ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ነበረች። እኔም አንስቻት አውቃለሁ። እኔ ያነሳኋት ሴትዮ ፊቷ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ነው። ከግራና ከቀኝ እኩል መብራት ሲመታህ ጥላ አይኖርህም፤ ጥላ ከሌለህ አፍንጫህም ጉንጭህም የለም። በራሶ ያነሳት ሴትዮ ግን አጥንት ነበራት። መብራቱ ከአንድ ወገን ከፍ ብሎ መጥቷል፤ በሌላው ወገን አቡጀዲው ትንሽ ብርሃን መልሶላት ጥላው ሳይጠቁር ለስልሶ ቀርቷል። ዓይኗ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ሴትዮዋ ልትናገር ምራቋን የዋጠች ትመስላለች።

ሲጠየቅ የሚላት ነገር ነበረችው። «ጥላ ጠላት አይደለም» ይላል። «እናንተ ጥላና ጠላት አንድ ይመስላችኋል።» የዲላ ሰው ወዲያው ተቀበላት። ቡና ቤት ውስጥ ሳይቀር ሰዎች ሲገላግሉ «ተው፣ ጥላ ጠላት አይደለም» ሲሉ ሰማሁ። እኔ በዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ አንዲትም አባባል አልወጣልኝም።

ከመብራቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን አማርኛው ነው። በራሶ ጌዴኦኛውን ሲናገር ሽማግሌ ያዳምጠዋል ይባላል፤ አማርኛው ግን ጎልምሶ የተማረው አማርኛ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያናግራል። አንዲት ወይዘሮ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ወርቋን ደርድራ፣ ወንበሩ ላይ ተኮፍሳ ስትቀመጥ ቀርቦ «ቀና በል» ይላታል። «ወደዚህ ዙር። አገጭህን ዝቅ አድርግ።» ሴትዮዋ መጀመሪያ ትደነግጣለች። ቀጥላ ሳቋን ልታፍን ትሞክራለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ይበራል፣ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ኩራት ሁሉ ይፈታል። ያኔ ጠቅ ያደርጋታል።

ይህን የነገሩኝ ከሱ ዘንድ ተነስተው የመጡ ሴቶች ናቸው፤ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። አንድ ቀን እኔም ሞከርኩት። ወይዘሮ የሺ የምትባል የብረታ ብረት ነጋዴ ሚስት መጥታ ተቀመጠች።

«ቀና በል» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ቀና… አገጭህን ዝቅ…»

«ወንድ መሰልኩህ እንዴ አንተ!» አለችና ተነስታ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወጣች። ከበሬ ላይ ሆኜ ወዴት እንደምትሄድ አየሁ። መንገዱን ተሻገረች።

ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ። «ሴቶቹን እንደ ወንድ የምታናግራቸው አውቀህ ነው?» ስለው «ምኑን?» ብሎ አየኝ፤ ሕፃን በሚያይበት ዓይን ነበር ያየኝ። አንድ ጊዜ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አግኝቼው ከሴት ኃላፊ ጋር ሲነጋገር ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ንግግሩ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ወጥቼ ከሄድኩ በኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ «እርስዎ» ነበር የሚላት። እርስዎ ላይ ወንድም ሴትም የለም፤ ማስረጃ አይሆንም።

እንዲህ ስንኖር አንድ ረፋድ ላይ ሱቄን ከፍቼ ቀና ስል ሚስቴ ከመንገዱ ማዶ ስቃ አየችኝ።

መስታወቱ ውስጥ ነበረች። ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል፤ ፊቷ ወደ ብርሃኑ ዞር ብሎ ሳቁ ገና ከአፏ አልወጣም፣ ዓይኗ ላይ ነው ያለው። አንገቷ ላይ የወደቀችው ጥላ እንደ ሐር ናት። ስንት ጊዜ አንስቻታለሁ! ሰርጋችንን፣ የልጆቹን ክርስትና፣ በየእንቁጣጣሹ። በእኔ ፎቶ ሁሉ ላይ ጽጌ ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ የተነሳች ትመስላለች። ከማዶ የምትስቀውን ሴት እኔ አላውቃትም። ያንን ሳቅ ቤቴ ውስጥ አይቼው አላውቅም።

መንገዱን ስሻገር ጥሩንባ ያስጮኸብኝን መኪና እንኳ አላየሁትም። ሱቆቹ በር ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ ከተማው ከእኔ ቀድሞ አይቷታል ማለት ነው።

«ሚስቴን አውርድ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ወዲያው መስታወቱን ከፍቶ አወረዳት። ቢከራከረኝ ምን ነበረበት! አንገቱን ለመያዝ ተዘጋጅቼ ሄጄ የምይዘው ነገር አጣሁ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ከጓደኛው ጋር መጣ» አለ፤ ጽጌን ማለቱ ነው። «ጓደኛው ጉርድ ፎቶ ይነሳል። እሱ ቆሞ ነበር። አንተም ቁጭ በል አልኩት። ሳቀ።»

ቆሜ ቀረሁ። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። አፌ ከእኔ ሳይማከር «እንዴት አድርገህ ነው?» አለ።

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ! እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ…»

በራሶ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ክንዴን ያዘኝና ወደ ውስጥ አስገባኝ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። መብራቱን ከፍ አድርጎ አዘነበለና «እዚህ ነበረ» አለ። ፍሬሙን አስጠግቶ «ይሄ እዚህ ነበረ» አለ። መብራቱ ፊት የሰቀላትን ስስ ጨርቅ ሳይቀር አውልቆ አሳየኝ። አንድ ነገር አልደበቀኝም። ቢደብቀኝ ኖሮ የደበቀውን እየፈለግኩ እኖር ነበር።

«ብርሃን ነው» አለኝ። «ሌላ ምንም የለበትም።»

ያን ቀን ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ መብራቶቼን ልክ እንዳሳየኝ ተከልኩና ጽጌን ጠርቼ አስቀመጥኳት። እሺ ብላ ተቀመጠች። አገጭሽን፣ ትከሻሽን፣ እጅሽን እያልኩ አነሳኋት። ፊልሙን አጥቤ ሳየው ያው ፖሊስ ጣቢያ ነች፤ ልዩነቱ አሁን በአንድ ወገን ጥላ አላት።

«መብራቱ እዚህ ጋ አልነበረም?» አልኳት።

«መብራቱን ማን አይቶት?»

«ታዲያ ምን ስታዪ ነበር?»

«ስስቅ ነበር፣ ሰይፉ። ሰው ሲስቅ ምን ያያል?» ከወንበሩ ተነስታ ሻሿን አሠረች። «አንተ እኮ ሳታነሳኝ በፊት ታርመኛለህ። የተረፈኝን ነው የምታነሳው።»

ለምን እንዳልነገረችኝም ጠየቅኳት። «አሁን የሆንከውን እንደምትሆን ስለማውቅ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቄን በር ስከፍት ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዲላ ከየአገሩ በመጣ ወጣት ተሞላች። በመንገዳችን ላይ መጀመሪያ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ኤዲቲንግ ተምሬ መጣሁ። የምርቃት ሰሞን ተማሪዎቹ ጋዋናቸውን ለብሰው ደጄ ላይ ይሰለፉ ነበር።

«ጋሼ፣ በናትህ ይቺን ብጉር አጥፋልኝ።»

«ጋሼ፣ ፊቴን ክሊን አድርገው፤ ቀላ ልበል ትንሽ።»

አጠፋለሁ፣ አቀላለሁ። ከጀርባቸው ፓሪስን አቆምላቸዋለሁ። ማዲያት በአንድ ጠረጋ ይሄዳል። የበራሶ ብርሃን ያደረገውን ሁሉ እኔ በማውዝ አደርገዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር። አንዳንዴ ከስክሪኑ ቀና ስል ከማዶ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ረጅም እግሮቹን መንገድ ላይ ዘርግቶ፣ የሚያልፈውን ሰው ፊት እያየ። ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፌም ጥሩ ነበር፣ ምግቤም ጥሩ ነበር። ጽጌ «ወፈርክ» አለችኝ።

አንድ ቀን ተሻግሮ መጣ። ከመቃኑ ጎንበስ ብሎ ገባና ከተማሪዎቹ ኋላ ቆመ። ጽጌ ቀድማ አየችውና «ግባ እንጂ በራሶ፣ ተቀመጥ» አለችው።

«ሰይፉ» አለኝ፣ «ይሄን ነገርህን አሳየኝ።»

እምቢ ማለት አማረኝ። ግን ይህ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ የመብራቱን ጨርቅ ሳይቀር አውልቆ ያሳየኝ ሰው ነው። እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ማውዙን እንደ ጫጩት ነበር የሚይዘው፣ እንዳትሞትበት። አንድ ሁለት ሳምንት ሳቅኩበት። ከዚያ ሳቄ ቆመ። እኔ ፊቱን ሁሉ አንድ ላይ ነበር የምጠርገው፤ የተጠረገ ቆዳ ደግሞ እንደ ሳሙና ይሆናል፣ ያበራል እንጂ አይተነፍስም። በራሶ ፎቶውን አስጠግቶ አስጠግቶ አንዲት ብጉር ላይ ይቆማል፤ እሷን ብቻ ያነሳል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከፎቶው በላይ እንደ ስስ ላስቲክ የሚነጠፍ ሌየር የሚሉት ነገር አለ፤ በሱ ላይ ሠርቶ ሲያበቃ መልሶ ያሳሳዋል። «ግማሹ ይበቃል» ይላል። ማዲያቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የሚያይ ሰው ግን ዓይኑ አያርፍበትም። ቀጥሎ ማንም ያላስተማረውን ነገር አደረገ። የእኔ ሁለት መብራት የገደለውን ጥላ መልሶ መሳል ጀመረ። ከጉንጭ በታች በጣም ስስ አድርጎ፣ ከአገጭ ሥር ትንሽ ጠቆር አድርጎ። ሳህን የነበረው ፊት ዓይኔ እያየ አፍንጫ አወጣ።

«ይሄን ማን አሳየህ?»

«አንተ» አለኝ።

«እኔ ጥላ ሳል አላልኩህም።»

«ማጥፋት አሳየኸኝ። ማምጣትም በዚያው ነው።»

ተማሪዎቹ ሞኞች አይደሉም። አንዷ ተመራቂ የራሷን ፎቶ ከጓደኛዋ ጋር አስተያየችና «ጋሼ፣ የኔን ረጅሙ ሰውዬ ይሥራልኝ» አለችኝ። በኔ ኮምፒውተር፣ በኔ ወንበር፣ በኔው ቤት!

ይህ ሁሉ ሲሆን ጽጌ ደንበኛ እየተቀበለች እዚያው ናት። በራሶ የወደደው ፎቶ ሲያጋጥመው «ጽጌ፣ ና እስቲ ይሄን እይ» ይላታል። እየሳቀች ትመጣለች፤ በተጠራች ቁጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማችው ሁሉ ትስቃለች። እኔ «ነይ» ስላት «ሥራ ይዣለሁ» ትለኛለች። ቆይቼ ወንበሬን በሁለቱ መካከል አዛወርኩ። ጽጌ መሳቅ ስትፈልግ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ትስቅ ነበር።

ክፉ ነገር አይቼ አላውቅም። እጁ እጇን ሲነካ አላየሁም፤ ከሥራ ሌላ ሲነጋገሩም አልሰማሁም። ቢኖር አውቀው ነበር፤ ለመያዝ የተዘጋጀ ሰው አያመልጠውም። ቅናቴን ያባባሰው ይኸው ነው። ጥፋት የሌለበትን ሰው ምን ብለህ ትከሰዋለህ?

የራሱን ኮምፒውተር አስገብቶ ወደ ማዶው ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ «ልጄን እድራለሁ። ሰርጉን አንተ አንሳ» አለኝ።

«አንተ እያለህ?»

«እኔ አባት ልሁን። ካሜራ ከያዝኩ ልጄን አላያትም።»

ይህን ሲል አማርኛው አንድም እንከን አልነበረበትም፤ «አላያትም» አለ፣ አጥርቶ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ካሜራ ይዤ ያላየኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው የሚለው ሐሳብም ያኔ አልመጣልኝም።

ጽጌ ፎቶ ቤቱን ትጠብቅ ብዬ ብቻዬን ወደ ዱመርሶ ሄድኩ። ቤቱ ከእንሰትና ከቡናው መካከል ነው፣ ከመንገድ አይታይም። ሙሽራዋን ከቤት ስትወጣ ላነሳት ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን የት እንደሚያርፍ ለማየት ዞር ስል፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ሚስቴ ተሰቅላለች።

ያው ፎቶ ነው። አውርድ ስለው ያወረደው። በፍሬም ገብቶ፣ በንጹህ መስታወት ተሸፍኖ።

ካሜራው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከጓዳ አንዲት ጠይም፣ ቀጠን ያለች ሴት በእጇ የቆጮ ሳህን ይዛ ወጣች። ሎኮ ናት፣ የበራሶ ሚስት። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

«ይሄን ሴት ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

«ሚስቴ ናት።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። «ባሉ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያመጣው ቀን ማን ነው አልኩት። ብርሃን ነው አለኝ። ሌላ ቀን ጠየቅኩት። ብርሃን ነው፣ ጥሩ ብርሃን ነው አለኝ። ይሄ ልጅ» አለች፣ ወደ ሙሽራዋ ክፍል በአገጯ እያሳየች፣ «ገና ይድህ ነበር። አሁን ባል አገባ። ሴቱ ያው እዚያ ይስቃል።» ወደ ፎቶው ቀና አለች። «አንተ ታምናለህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች። የቆጮውን ሳህን አንስታ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እኔን እንደዚያች ሴት የተረዳኝ ሰው የለም።

ሰርጉን አነሳሁ። ጥሩ አድርጌ አነሳሁ፤ እጄ ቂሜን አልሰማም። ከመምሸቱ በፊት በራሶ መኪና እስከማገኝበት ሊሸኘኝ ወጣ። በቡናው መካከል እየሄድን ነው የጠየቅኩት።

«ሚስቴን ግድግዳህ ላይ ምን ታደርግልሃለች?»

ሳይደነግጥ ሄደ፣ ትከሻውን ሰብስቦ። «አባቴ» አለኝ፣ «ምርጡን ዛፍ ሲለቅም አይሸጥም። ለዘር ያስቀምጣል። እኔ ከዚያ ፎቶ በኋላ እንደሱ አልመጣልኝም። በየቀኑ አየዋለሁ። ምን አድርጌ ነበር እላለሁ። ብርሃኑ ከየት ነበር እላለሁ።»

«አሳየኸኝ እኮ ከየት እንደነበር።»

«አዎ» አለ። «እዚያው አደርገዋለሁ። አይመጣም።»

ለካ እሱም እንደ እኔ ያንን ፎቶ መልሶ ለማንሳት ሲደክም ኖሯል። ይህን ስሰማ ቅናቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አልበረደም። ስለ ሚስቴ አንድ ሰው ያን ያህል ዓመት ሲያስብ ኖሯል፤ ስለ ብርሃን ነው ቢለኝም ያሰበው ፊቷን እያየ ነው። ለጽጌ ፎቶው የት እንዳለ አልነገርኳትም። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም።

የበራሶ ሕመም አጭር ነበር። ፎቶ ቤቱ ጥቂት ቀን ተዘግቶ ሲውል ቡና ለቀማ ወደ አባቱ ማሳ ሄዶ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ጽጌ ዳቦ ሳትገዛ ተመለሰች።

ለቀብሩ አብረን ሄድን። ጽጌ ጥቁር ለብሳ እስከ ይርጋጨፌ ከጎኔ ተቀምጣ ሄደች። እኔ ግድግዳውን ነበር የማስበው። ቤት ውስጥ እንዳትገባ ምን ላድርግ? ምን ብዬ ላስቀራት? ስንደርስ ግን ደመናው ከብዶ ያካፋ ነበር፤ ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ሥር ነው የተሰበሰበው። መዘምራኑ በጌዴኦኛ ይዘምራሉ። ሽማግሌዎቹ እየተነሱ ስለ በራሶ ይናገራሉ፤ አልገባኝም፤ ሰው ግን በለቅሶ መካከል ሁለት ጊዜ ሳቀ። ምን ተብሎ እንደሳቁ ማን ይንገረኝ? በማላውቀው ቋንቋ ደግሞ ሌላ በራሶ ነበረ ማለት ነው፤ እሱን ጭራሽ ሳላውቀው ሄደ።

ሎኮ ከዘመዶቿ መካከል ተቀምጣ ነበር። ጽጌ ጎንበስ ብላ ልታጽናናት ስትቀርብ ሎኮ ቀና አለች። ሁለቱ ተያዩ። ሎኮ ተነሳች። ለቅሶዋን አቁማ በሁለት እጇ የጽጌን ፊት ያዘች።

«ፎቶህ ቤቴ ውስጥ ነው ያለው» አለቻት። «ልጆቼ በሱ ሥር ነው ያደጉት።»

ጽጌ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። ሎኮ ፊቷን መልሳ አዞረችው፣ ቀስ አድርጋ፣ ደንበኛ እንደሚያስተካክል ፎቶ አንሺ። አየቻት። በጣም ቆይታ አየቻት። ሚስቴ እንደ ድሮዋ አይደለችም፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ ጉንጯ ረግቧል፣ ዝናብ ያረጠበው ሻሽ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከላይ ጥቁር ሸራ፣ ከውጭ ደመና። የሚያውቅ ሰው እዚያ ቦታ ካሜራ አያወጣም።

ሎኮ በጽጌ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን ፈለገችና አገኘችኝ።

«እዚህ ብርሃን የለም» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

«ብርሃን ነው ብሎ ዋሽቶናል» አለች።

ከዚያ የጽጌን እጅ ይዛ አጠገቧ፣ ከዘመዶቿ መካከል አስቀመጠቻት። ሁለቱ ተደጋግፈው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ፣ ሎኮ ያየችውን ለማየት አንገቴን አስረዘምኩ። ከማዶ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ ጠጋ አሉ። ጽጌ ፊቷን ወደ ሎኮ አዙራ ነበር።